መርከቧን ካገኘሽ ሴትዮዋን አገኘሻት

እህት ዓለም፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ቤት ያየሁ መሰለኝ። የባልሽ ቅም አያት ተፈርዶባት ከአየርላንድ ወደ አውስትራሊያዋ ደሴት ወደ ታዝማኒያ በግዞት የተላከች ናት ይባላል። በእጅሽ ያለው ስሟ ብቻ ነው። ልጆችሽ ደግሞ የዘር ሐረግ አምጡ ተብለዋል። ከየት ልጀምር ነው ያልሽው።

የእኔም ባል የዚሁ አገር ልጅ ነው። እኔ ሰባት ቤት እየቆጠርኩ ስላደግኩ አማቴን ጠየቅኳቸው። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ወሬ ቀየሩ። «ሰፋሪዎች ነበሩ» አሉኝና ሻይ ሊያፈሉ ተነሱ። በዚህ አገር ግዞተኛ ዘመድ ለረጅም ጊዜ ነውር ነበር። ዛሬ ይኩራሩበታል፤ የአማቴ ትውልድ ግን ገና አፉ ይያያዛል።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልንገርሽ። የባሌ ዘር የመጣባትን ግዞተኛ ስም ኮምፒውተር ላይ ጽፌ ቀድማ የወጣችውን ሴት ያዝኩ። ስምንት ወር የሰው ሴትዮ ሳሳድድ ከረምኩ። ገንዘብ ከፍዬ የሞት ምስክር ወረቀቷን ሳይቀር አስመጣሁ። ሳነበው ልጅ ሳትወልድ የሞተች ሆና ተገኘች። ባሌ «ታዲያ እኔ ከየት መጣሁ?» እያለ እስካሁን ይስቅብኛል።

እኛ ዘንድ ሁለት አልማዝ ቢኖሩ በአባታቸው ስም ይለያሉ። ግዞተኞቹን የሚለያቸው የመጡበት መርከብ ነው። መዝገብም ሆነ የጋብቻ ፈቃድ ላይ «በእንዲህ ያለች መርከብ የመጣችው እገሊት» ተብሎ ነው የሚጻፈው። መርከቧን የአባት ስም አድርገሽ ቁጠሪያት። እኔን ያሳሳተኝ ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ እኛ አግብተን ስማችንን አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። ስለዚህ ከእሷ አትጀምሪ። ከባልሽ ተነስተሽ በልደት ወረቀት ወደ ኋላ ሂጂ። ታዝማኒያ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መመዝገብ የጀመረችው በ1838 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የልጇ ልደት ላይ የእናትየውን የራሷን ስም ታገኛለሽ። ከዚያ የጋብቻ ፈቃዱን ፈልጊ፤ ግዞተኛ ካለ መንግሥት ፈቃድ ማግባት አይችልም ነበር። መርከቧን ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እልል ብዬ ቤቱን ሁሉ ቀሰቀስኩ።

መርከቧ ከታወቀች የቀረው ቀላል ነው። የታዝማኒያ ቤተ መጻሕፍት የስም ማውጫ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይታያል፤ መዝገቡም በፎቶ ተነስቶ ተቀምጧል። እስከ 1843 ለመጡ ሴቶች የጠባይ መዝገቡ «ኮን 40» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1853 ለመጡት «ኮን 41»። የገቡት ሴቶች ዝርዝር የሆነውን «ኮን 15»ንም እንዳትዘይው። እሱ ላይ ብዙ ጊዜ የእናት፣ የአባት፣ የእህት የወንድም ስም አለ።

የእኛዋን ገጽ ስከፍት እጄ ተንቀጠቀጠ። በ21 ዓመቷ፣ በአየርላንዱ ረሃብ ዘመን፣ በግ ሰርቃ 7 ዓመት ተፈርዶባታል። ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ ያህል፣ ፊቷ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ፣ የቀኝ እጇ አውራ ጣት ላይ የቆየ ቁስል። ፎቶ በሌለበት ዘመን እንዲህ አድርጎ የሚስላት ሰው አልጠበቅኩም። ከሥር ጥፋቷ ተደርድሯል። ተመድባ ከምትሠራበት ከአሠሪዋ ቤት ያለ ፈቃድ ወጥታ አደረች፤ ሦስት ቀን ጨለማ ቤት። ለእመቤቷ ክፉ መለሰች፤ አንድ ወር ልብስ አጠባ። ደግ አደረገች አልኩ ለራሴ።

ልብስ አጠባው ካስኬድስ ነበር፤ ከሆባርት ከተማ ወጣ ብሎ። «የሴቶች ፋብሪካ» ይሉታል እንጂ እስር ቤት ነው። በ1828 ተከፈተ። ጥፋተኛ የተባለችው ቀሚስና ጃኬቷ ላይ ትልቅ ቢጫ «ሲ» ፊደል ይሰፋባት ነበር። ልጆቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ግንቡ አሁንም ቆሟል፤ ከተራራው ሥር ስለሆነ ፀሐይ ቶሎ ትጠፋለች፤ እርጥበቱ አጥንት ይገባል። እዚያ የታቀፉት ሕፃናት ብዙዎቹ ሞተዋል። የተረፉት ትንሽ ከፍ ሲሉ ከእናታቸው ተነጥለው ኒው ታውን የነበረው የሙት ልጆች ቤት ይገቡ ነበር፤ እናት እያላቸው። ከልጆቿ የአንዱ ዱካ ከጠፋብሽ የዚያን ቤት መዝገብ እዪ።

ገጹ ላይ «ቲ.ኤል.» ካየሽ ፍርዷ ሳያልቅ ለራሷ እንድትሠራ ተፈቅዶላታል ማለት ነው። «ኤፍ.ኤስ.» ፍርዷን ጨርሳ ነፃ ወጥታለች ነው። ከዚያ በኋላ ድምጿ ከጠፋ ከባሕሩ ማዶ ባለው በቪክቶሪያ ግዛት መዝገብ ፈልጊ። በ1851 እዚያ ወርቅ ሲገኝ ብዙ ሰው ባሕሩን ተሻግሯል። የቪክቶሪያ የሞት ወረቀት ሀብታም ነው፤ ወላጆቿን፣ ልጆቿን፣ በአገሩ የኖረችበትን ዘመን ሁሉ ይጽፋል። ዕድሜዋን ግን አትመኚው። የእኛዋ በጋብቻዋ ቀን አራት ዓመት ቀንሳለች።

የስሟ አጻጻፍም ቢለያይ አትደንግጪ። ጸሐፊው በጆሮው እንደሰማው ነው የሚጽፈው። የእኔን ስም እዚህ ስንት ዓይነት አድርገው እንደጻፉት አንቺም ታውቂዋለሽ።

ለአየርላንዱ ወገን፣ «መዝገቡ በ1922 ተቃጥሏል» የሚልሽ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ደብሊን ብዙ ነገር ነድዷል። የግዞተኞቹ መዝገብ ግን ሌላ ቦታ ስለነበር ተርፏል፤ ከ1836 ጀምሮ ያለው አለ። የይቅርታ ማመልከቻዎቹንም እዪልኝ፤ አንዳንዴ የእናትየዋ ልመና አብሮ ይገኛል።

የትልቁን ልጇን የልደት ወረቀት ካገኘሽ የእናት ስም ያለበትን መስመር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የዚያን ዘመን እጅ ጽሑፍ ዓይኔ ለምዶታል።