የሥራ መረጃን ከሌሎች አገሮች ጋር ስለማወዳደር ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሰበሰብከውን የሥራ ዝርዝር ከሌሎች አገሮች መረጃ ጋር እንዴት እንደምታገናኝ ጠይቀሃል። ለየሥራው የራስህን ኮድ (መለያ ቁጥር) አትፍጠር። የዓለም ሥራ ድርጅት የሙያ ምደባ፣ ኢስኮ-08፣ አለልህ፤ 10 ዋና ዋና ምድቦችና ከሥር 436 ዝርዝር ምድቦች አሉት። ጣጣው ያለው መጠይቁ ላይ ነው። ሰውየው «ሸማኔ ነኝ» ካለህ እዚያ ላይ አታቁም፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ኮዱ 8152 ሲሆን፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በእጁ ጋቢ የሚሠራው ግን 7318 ነው። ባጃጅ ሹፌር 8321 ይገባል። «ነጋዴ» የሚለው መልስ ከሁሉም ይብሳል፤ ሱቅ አለው ወይስ እያዞረ ነው የሚሸጠው? ደግሞ እባክህ፣ ሰውየው ራሱ የተናገረውን ቃል እንዳለ በሌላ ዓምድ አስቀምጥ፤ ምደባው ሲሻሻል እንደገና ኮድ የምትሰጠው ከእሱ ተነስተህ ነው።