ሐረጎን የሚወጣ ባትሪ፣ ማርስ ያልደረሰ ቀጠሮ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ኢላን መስክ፣ ስለ ሮኬቶቹና ስለ መኪኖቹ ያወጣነውን ጽሑፍ ተከትሎ ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። አንዱ ወገን «የዘመኑ ሊቅ» ይለዋል፤ ሌላው «አፈ ቅቤ ነጋዴ»። የሚያከራክረው አብዛኛው ነገር የሚለካ ስለሆነ መልሶቻችን ከሰውየው ይልቅ ወደ ማሽኖቹ ያደላሉ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሮኬቱ ሲፈነዳ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል። የእኛ ልጅ ፈተና ወድቆ ቢያጨበጭብ ምን ይባላል? ይሄ ሰውን መሸንገል አይደለም?» (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ክርክሩ የሚደበላለቀው ሁለት ሮኬቶችን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው ፋልከን 9 ነው። ሲፈነዳ በቴሌቪዥን የሚታየው ደግሞ በሙከራ ላይ ያለው ስታርሺፕ።

ፋልከን 9 ላይ ሽንገላ የለም። ቁመቱ 70 ሜትር ነው፤ ታችኛው ክፍሉ ዘጠኝ ሞተር አለው፤ የሚያቃጥለው የተጣራ ኬሮሲን ከፈሳሽ ኦክስጅን ጋር ነው። በተነሣ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ታችኛው ክፍል ይለያል፤ ላይኛው ጭነቱን ይዞ ይቀጥላል። የተለየው ክፍል አየር ላይ ይዞርና ሦስት ሞተሮቹን ለጥቂት ሰከንዶች አቀጣጥሎ ፍጥነቱን ይሰብራል፤ ይህን ሳያደርግ ጥቅጥቅ ወዳለው አየር ቢገባ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ከዚያ ወንፊት በሚመስሉ አራት ክንፎች እየተመራ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ብዙውን ጊዜ በአንዲት ሞተር ያርፋል።

ከባዷ ቅጽበት ይህችው ናት። ነዳጁን ሊጨርስ የተቃረበው ግንድ ቀላል ስለሆነ አንዷ ሞተር በዝቅተኛ ጉልበቷ እንኳ መልሳ ወደ ላይ ታነሳዋለች። ስለዚህ አየር ላይ ቆሞ ማንዣበብ፣ ቦታ ማማረጥ የሚባል ነገር የለም። ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆነው እግሩ መሬት በነካበት ቅጽበት መሆን አለበት፤ ሞተሩ ቀድሞ ከተነሣ ግንዱ ተመልሶ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከዘገየ ይከሰከሳል። መጀመሪያ የተሳካው ዲሴምበር 2015 ነው። አንድ ጊዜ ያረፈ ክፍል እንደገና የበረረው ማርች 2017 ሲሆን፣ ዛሬ ከ25 ጊዜ በላይ የበረረ ክፍል አለ። ላይኛው ክፍል ግን በየበረራው ይጣላል፤ ይህን ደጋፊዎቹ ሲያነሱት አይሰማም።

ፋልከን 9ም ወድቆ ያውቃል። ጁን 2015 ላይ በላይኛው ክፍል የኦክስጅን ጋን ውስጥ የሂሊየም ጠርሙስ ያሰረች አንዲት የብረት ዘንግ ተበጥሳ ሮኬቱ አየር ላይ ተበተነ። ሴፕቴምበር 2016 ላይ ደግሞ ለሙከራ ነዳጅ ሲሞላ መሬት ላይ እንዳለ ፈነዳ፤ ከላዩ የነበረው ሳተላይት ፌስቡክ ከሰሐራ በታች ላሉ አገሮች ኢንተርኔት ሊያሠራጭበት የተከራየው ነበር።

ወደ ስታርሺፕ ስንመጣ ጭብጨባው የሚገባውም የማይገባውም አለ። 33 ሞተር ያለው፣ ከ120 ሜትር በላይ የሚረዝም ነገር በወረቀት ስሌት ብቻ አይፈተንም፤ እያበረሩ፣ እየሰበሩ መማር አንድ የታወቀ የአሠራር መንገድ ነው። ኦክቶበር 2024 ላይ ታችኛውን ክፍል ማስወንጨፊያው ማማ በሁለት የብረት ክንዶች አየር ላይ መቅለቡ የዚያ ትምህርት ውጤት ነው። ኤፕሪል 2023 በተደረገው የመጀመሪያ በረራ ግን ከሞተሮቹ ሥር እሳቱን የሚመልስም የሚያቀዘቅዝም ነገር ስላልተሠራ ኮንክሪቱ ተቦጭቆ ፍርስራሹ በአካባቢው ተረጨ። ውኃ የሚረጭ የብረት ወለል የተነጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ያ መማር ሳይሆን መቸኮል ነበር። በጃንዋሪ 2025ም የመንኮራኩሩ ስብርባሪ በካሪቢያን ደሴቶች አቅራቢያ ወድቆ መንገደኛ አውሮፕላኖች አቅጣጫ እንዲቀይሩ ተገደዋል። የራስን ሮኬት መስበር አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ሰማይ መዝጋት ግን ሌላ።

ቀጠሮ ላይ ሰውየው አይታመንም። በ2017 ዕቃ የጫኑ መንኮራኩሮች በ2022፣ ሰው ደግሞ በ2024 ማርስ ይደርሳሉ ብሎ ነበር። አንዱም አልሄደም።

«ቴስላን የፈጠረው እሱ ነው? ሀብቱ ከመንግሥት ካዝና የመጣ ነው የሚባለውስ?» (የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

የኤሌክትሪክ መኪና አምራቹን ቴስላን በ2003 የመሠረቱት ማርቲን ኤበርሃርድና ማርክ ታርፔኒንግ ናቸው። መስክ በ2004 ዋናውን ገንዘብ ይዞ ገብቶ የቦርድ ሰብሳቢ ሆነ፤ ከ2008 ጀምሮ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው። ሮኬቶቹን የሚሠራውን ስፔስኤክስን ግን ራሱ በ2002 መሥርቶታል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በ2008 ስፔስኤክስ ሦስት ሮኬት ከስሮ በአራተኛው ነበር የተሳካለት። በዚያው ዓመት ዲሴምበር የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ 12 ጊዜ ዕቃ እንዲያመላልስ የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ያ ውል ባይመጣ ድርጅቱ ዛሬ ይኖር ነበር ብሎ መሟገት አይቻልም። ገንዘቡ ግን ለተሠራ ሥራ የሚከፈል ነው። በ2014 ጠፈርተኞችን ለማጓጓዝ ስፔስኤክስ 2.6 ቢሊዮን፣ ቦይንግ 4.2 ቢሊዮን ዶላር ተዋዋሉ። የመጀመሪያው በ2020 ሰው አደረሰ። ቦይንግ በ2024 የወሰዳቸው ሁለት ጠፈርተኞች የተመለሱት በስፔስኤክስ መንኮራኩር ነው። ቴስላ ደግሞ በ2010 ያገኘውን የ465 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ብድር በ2013 ከፍሎ ጨርሷል።

«ኮምቦልቻ እየኖርኩ ሥራዬ ደሴ ነው። በየቀኑ ሐረጎን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ቴስላ ልግዛ ወይስ የቻይና መኪና? ዳገቱን ይችላል?» (ከኮምቦልቻ)

ዳገቱን ማንኛቸውም ይችላሉ፤ ሌላውን ነገር ቀድመው ያስቡ። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታው ልዩነት 650 ሜትር ገደማ። ከነተሳፋሪው 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ የጎማና የነፋስ ግጭት፣ የሞተር ብክነት ሲጨመር ከ7 እስከ 8 ይደርሳል። 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ 13 ፐርሰንት ማለት ነው። ሲወርዱ ሞተሩ እንደ ጄነሬተር እየሠራ ኃይል ይመልሳል፤ ቀስ ብለው ከነዱ ኮምቦልቻ የሚደርሱት ከደሴ በተነሡበት መጠን ወይም በጥቂቱ ጨምሮ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደሴ ላይ 100 ፐርሰንት ሞልቶ ቁልቁል መሄድ ነው። የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል መቀበያ ቦታ ስለሌለው መኪናው በሞተር መያዙን ይተዋል፤ ክብደቱ ሁሉ በእግር ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ሸራው ይሸታል። ደሴ ላይ ከ85 ፐርሰንት አያሳልፉ፤ ሙሉውን ኮምቦልቻ ላይ ይሙሉ። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ደግሞ ፈተናው ጣርማበር ነው። ከሸዋሮቢት ተነሥቶ እዚያ ለመውጣት ከፍታው ብቻ 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ስለዚህ ሸዋሮቢትን ሲያልፉ ከግማሽ በታች አይኑርዎ። በቻይና መለኪያ «600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የተባለውን በእኛ መንገድ 420 ብለው ያስሉት።

ቴስላን አንመክርም፤ ምክንያታችን ከመስክ ጠባይ ጋር አይገናኝም። ድርጅቱ አገራችን ውስጥ የራሱ ጥገና ቤት የለውም፤ ብዙ ዕቃው ቢቀየርም በድርጅቱ ሶፍትዌር ካልተመዘገበ አይሠራም። ከአሜሪካ በአደጋ ተመዝግቦ የመጣ ከሆነ ፈጣን ቻርጁ ሊዘጋበት ይችላል። ሞዴል 3 ከመሬት ያለው ከፍታ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ባትሪው ደግሞ ወለሉ ሥር ነው። በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በብዛት የገቡት ቢዋይዲና ቻይና የተሠሩት ፎልስቫገን አይዲ 4ና አይዲ 6 የመሳሰሉት ናቸው፤ መካኒኩም መለዋወጫውም የተላመደው እነሱን ነው። የቻርጅ አፋቸው ጂቢቲ የሚባለው ነው። ለአውሮፓ የተሠራ መኪና ሲሲኤስ 2፣ ለአሜሪካ የተሠራ ቴስላ ደግሞ የራሱ አፍ አለው። ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ከፍተው ይዩ፤ ለመንገድ ቻርጅ ካሰቡበት ጣቢያ ደውለው አፉ መኖሩን፣ መሥራቱንም ይጠይቁ።

ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ 2.2 ኪሎዋት ያገኛሉ፤ ባዶ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለደሴ ምልልስ ብቻ ከሆነ ግን ሌሊቱ ይበቃል። 7 ኪሎዋት ከፈለጉ 32 አምፔር ነው፤ ከማከፋፈያው ቀጥታ የሚመጣ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ ለብቻው 40 አምፔር ብሬከር፣ ኃይል ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያም ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት መኪና አይሰኩ። ሶኬቱን በየጊዜው በእጅ ይዳስሱት፤ ከሞቀ ወይም ጠርዙ ቡናማ ከሆነ ሽቦው ላልቷልና ያስጠብቁ።

አንድ ክፉ ልማድ አለ። ቻርጀሩ የመሬት ሽቦ አጥቶ ቀይ መብራት ሲያበራ፣ አንዳንድ ሠራተኛ ኒውትራሉን ከመሬት ሽቦው መጋጠሚያ ጋር አያይዞ ያታልለዋል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ነገር ግን ኒውትራሉ ከፖል በኩል የተበጠሰ ቀን የመኪናው ቆርቆሮ 220 ቮልት ይይዛል፤ በሩን የነካ ልጅ ይሞታል። ትክክለኛው መንገድ የመዳብ ዘንግ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ ጠልቆ እንዲቀበር ማድረግና ማስለካት ነው።

«ራሱን በራሱ የሚነዳው ቴስላ ደሴ ፒያሳ ላይ ይሠራል?» (ከደሴ፣ አራዳ)

አይሠራም። ከ2016 ጀምሮ «ሙሉ ራስ-ነጂ» እየተባለ ቢሸጥም ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ እንዳያነሳ የሚያስገድድ አጋዥ ነው። ዲሴምበር 2023 ላይ አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ መኪኖች የሾፌሩን ንቃት መቆጣጠሪያ እንዲያሻሽሉ ተጠርተዋል። የመንገድ ቀለም በሌለበት፣ ባጃጅ ከግራም ከቀኝም በሚገባበት ቦታ ካሜራው ምን ይዞ ይገምታል?

«የእህል ዕርዳታን የቆረጠ ሰው ሮኬቱ ምን ያደርግልናል?» (ከደቡብ ወሎ)

ቁጣው ተገቢ ነው። በ2025 መጀመሪያ መስክ ይመራው የነበረው የወጪ ቅነሳ ቡድን የአሜሪካን የዕርዳታ ድርጅት አፍርሷል፤ እሱም ይህን በኩራት ጽፎታል። ኢትዮጵያ ከዚያ ድርጅት ብዙ ዕርዳታ ከሚያገኙ የአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ነበረች። የሮኬቱ ብቃት ይህን አያካክስም፤ እኛም ለማካካሻ አላቀረብነውም።

«ናይሮቢ ያለ ወንድሜ የስታርሊንክ ሳህን ሊልክልኝ ነው። ጦሳ ሥር ይሠራል?» (ከደሴ)

ስታርሊንክ የስፔስኤክስ የሳተላይት ኢንተርኔት ነው። መጀመሪያ የሕጉን ነገር ይጨርሱ። ኬንያ በ2023 ፈቅዳለች፤ የኬንያ ፈቃድ ግን እዚህ አይሠራም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖር የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ አልፎ ቢገባም አገልግሎቱ ባልተፈቀደበት አገር ድርጅቱ ራሱ ይዘጋዋል። ስለዚህ ፈቃዱን ሳያረጋግጡ ወንድምዎን ገንዘብ አያስወጡት።

ቴክኒኩን በተመለከተ፣ ሳተላይቶቹ በ550 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚዞሩ ምልክቱ ቶሎ ይመላለሳል፤ የተለመዱት የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ያሉት 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የሚዞሩ በመሆናቸው ግን ሳህኑ አንድ ነጥብ ሳይሆን ሰፊ ሰማይ ማየት አለበት። ከአድማስ 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሚጋርድ ተራራ፣ ባሕር ዛፍ ወይም ፎቅ ካለ መስመሩ በየጥቂት ደቂቃው ይቆረጣል። ጦሳ ከቤትዎ ያን ያህል ከፍ ብሎ ከታየ ሳህኑን ጣሪያ ላይ ማውጣት ዛፉን እንጂ ተራራውን አያሳልፍልዎትም። ከ50 እስከ 75 ዋት ያለማቋረጥ ይስባል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እንዳይዘጋ ለ5 ሰዓት 12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ይበቃዋል። በሊድ አሲድ ከሆነ እስከ ግማሽ ብቻ ስለሚጠቀሙበት 100 አምፔር ሰዓት ይግዙ።