ቁልፉን ያስረከበው በጅሮንድ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። 31 ዓመት በሂሳብ ሥራ አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሐምሌ 26 ቀን፣ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በዓል ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የማውቀው ወጣት አገኘኝ። ገንዘብ ያዥ ነው። «የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ከነገ ጀምሮ የድሮው ቢሮ አልገባም፤ ክሊራንሱን አንድ ቀን እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ደስ ብሎታል፣ እኔም ደስ አለኝ። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ለእሱም ለእናንተም የምጽፈው ስለዚያ ነው።

አባ ሰላማ ሲባል ሁላችን የምናስበው ጵጵስናውን ነው። የአክሱም የመጀመሪያ ጳጳስ፣ ብርሃን ገላጭ። እኔን ግን ከጵጵስናው በፊት የነበረው ሥራው ይማርከኛል። ያኔ ስሙ ፍሬምናጦስ ነበር፣ ሥራውም ሂሳብ ነበር።

ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ የተባለ ቄስ ነው፤ የሰማውም ከፍሬምናጦስ ወንድም ከኤዴስዮስ አፍ ነው። ሁለቱ ልጆች የጢሮስ ሰዎች ነበሩ፤ ጢሮስ ዛሬ በሊባኖስ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ሜሮጵዮስ ከሚባል ፈላስፋ ዘመዳቸው ጋር ሩቅ አገር አይተው ሲመለሱ መርከባቸው ውኃ ለመቅዳት ወደብ ተጠጋች። የአካባቢው ሰዎች ከሮም ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና መርከቡ ላይ ያገኙትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። አሳዘኗቸው፤ ሳይገድሏቸው ወደ አክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው።

ንጉሡ ኤዴስዮስን መጠጥ አሳላፊ አደረገው። ፍሬምናጦስ አስተዋይና ብልህ መሆኑን ስላየ ግን መዝገቡንና ደብዳቤውን ለእሱ ሰጠ። በእኛ ማዕረግ ብንጠራው የግምጃ ቤቱ ሹም በጅሮንድም፣ የደብዳቤው ሹም ጸሐፌ ትእዛዝም ሆነ ማለት ነው። እስቲ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዘመዱን የገደሉበት፣ ነፃነቱን የወሰዱበት አገር ግምጃ ቤት በእጁ ገባ። መበቀል ቢያምረው ሰይፍ አያስፈልገውም ነበር፤ አንድ የተዛባ ቁጥር ይበቃው ነበር። በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ፈተናው ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል።

ንጉሡ ሊሞት ሲል ነፃ አወጣቸው። አሁን መሄድ ይችሉ ነበር። ንግሥቲቱ ግን ሕፃን ልጅ ይዛ ቀርታ ነበርና፣ ልጇ እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲያግዟት ለመነቻቸው። ቆዩ። በዚያ ዘመን ነው ፍሬምናጦስ ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ቦታ እንዲሠሩ የረዳቸው። ልዑሉ አድጎ መንግሥቱን ሲረከብ፣ ሁለቱ የተሰጣቸውን አደራ ሁሉ በታማኝነት አስረከቡ። ንግሥቲቱና ልጇ እንዳይሄዱ አጥብቀው ለመኗቸው፤ እነሱ ግን ወጡ።

እኔ በ28 ዓመቴ እንዲህ አላደረግሁም። ከአለቃዬ ጋር ተጣልቼ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ያልተወራረደ ሂሳብ ነበር፤ ሰነዱ የት ፋይል ውስጥ እንዳለ ለማንም አልተናገርኩም። ከጥቂት ወራት በኋላ ኦዲት ሲገባ ጉድለቱ የተመዘገበው በእኔ ሳይሆን እኔን በተካችው ልጅ ስም ነው። ሰነዱ እስኪገኝ ሦስት ወር ደመወዟ ታገደ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ይቅርም ብላኛለች። ነገር ግን በእነዚያ ወራት የቤት ኪራይ የከፈለችው የእናቷን ሀብል ሸጣ እንደሆነ ስትነግረኝ የተሰማኝ ነገር እስከ ዛሬ አለ።

ወደ ፍሬምናጦስ ልመለስ። ኤዴስዮስ ወላጆቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ሄደ፣ ኋላም በዚያው ቄስ ሆነ። ይህም ትክክል ነው፤ ከእናንተ መካከል ወደ ቤተሰቡ መመለስ የሚፈልግ ካለ ማንም አይፍረድበት። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ሄዶ፣ በአክሱም የተሰበሰቡትን ምእመናን የሚጠብቅ ጳጳስ እንዲላክላቸው ፓትርያርኩን ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። ለራሱ ሹመት አልጠየቀም። አትናቴዎስ ነገሩን ከሰማ በኋላ ከአንተ የተሻለ ማንን እናገኛለን ብሎ እሱኑ ቀብቶ ላከው።

መመለስ የቻለው አወጣጡ ንጹሕ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ቤተ መንግሥት ባዶ ካዝናና የተምታታ መዝገብ ትቶለት ቢወጣ ኖሮ፣ መስቀል ይዞ ሲመጣ ማን ይሰማው ነበር? የአክሱም ንጉሥ ኢዛና መጀመሪያ ባሳተማቸው ሳንቲሞች ላይ ጨረቃ ነበረች፤ በኋላ በቦታዋ መስቀል ገባ። በ356 ገደማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደግሞ፣ ወልድ ከአብ ጋር እኩል አይደለም የሚሉትን የአትናቴዎስን ተቃዋሚዎች አርዮሳውያንን የሚደግፈው የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ ተመልሶ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ላኩት አለ። ደብዳቤው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይነበባል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች።

ልጆቼ፣ ሥራ ስትለቁ ተተኪያችሁ ባለበት ካዝናውን ቁጠሩ። ያልተወራረደውን አትደብቁ፤ በዝርዝር ጻፉት፣ ማን ዘንድ እንዳለና ለምን እንደቆየ ጨምሩበት። ተተኪ ካልተመደበ እስኪመደብ ጠይቁ፣ ጥያቄያችሁንም በጽሑፍ አስቀሩ። ከአለቃችሁ ጋር ብትኳረፉም እንኳ ይህን አድርጉ፤ መዝገቡን የሚወርሰው አለቃችሁ ሳይሆን ምንም ያልበደላችሁ ሰው ነው።

በማግስቱ ለዚያ ወጣት ደወልኩለት፣ የልጅቷንም የሀብል ታሪክ ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ማታ ራሱ ደወለ፦ «ከተተኪዬ ጋር ስንቆጥር ዋልን፤ ሁለት ሰነድ ጎድሎ ነበር፣ መሳቢያዬ ውስጥ ተገኘ።»