እናቴ ትናፍቀኛለች፤ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ የገበሬ ልጅ፣ ዲያቆን። ለስብከተ ወንጌልና ለቅዳሴ አገልግሎት ወደ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ከተላክሁ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኛል። ምእመናኑ የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ ይወዱኛል። እኔ ግን ቤት ቤት ይለኛል። ማታ ማታ በጆሮ ማዳመጫ የአምባሰል ዘፈን እየሰማሁ አለቅሳለሁ። ለእናቴ በቀን ሦስት ጊዜ እደውላለሁ፤ እሷም ታለቅሳለች። አንድ የቆየ አገልጋይ «ዕርፍ ጨብጠህ ወደ ኋላ አትይ፤ ይህ እምነት ማጣት ነው» አለኝ። እውነት እምነት ማጣት ነው? ብመለስስ መካድ ይሆንብኛል? እናቴ ደግሞ «ልጄን በሰላም ከመለስሽልኝ» ብላ ለግሸን ማርያም ተስላለች። ስለቷ እኔን ያስረኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። በአገርህ አነጋገር ደግሞ፦ አብሽር!

ዋናውን ላስቀድም። ናፍቆትህ እምነት ማጣት አይደለም። ያ አገልጋይ ክፉ አስቦ የተናገረህ አይመስለኝም። ጥቅሱን ግን ያለ ቦታው ነው የጠቀሰብህ።

እስኪ ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 2ን አውጣ። እዚያ አፍሮዲጡ የሚባል አገልጋይ አለ። በስብከት ላይ ብዙም ሲነሳ አንሰማም፤ ያሳዝነኛል። የፊልጵስዩስ ምእመናን ለታሰረው ለጳውሎስ ስጦታ አስይዘው የላኩት ሰው ነው። በሄደበት ታመመ። ለሞት እስኪቀርብ ድረስ ታመመ። ወሬው አገሩ ደረሰ። እሱም መስማታቸውን ሲያውቅ ተከዘ። ልብ በል፤ የተከዘው ለሕመሙ አይደለም። «ሰምተው ይጨነቁብኛል» ብሎ ነው። አንተስ ጉንፋን ሲይዝህ ከመደወልህ በፊት ጉሮሮህን ትጠርግ የለ? እናትህ «ምነው ድምፅህ?» እንዳትልህ። ያው ነው።

ጳውሎስ ታዲያ ምን አለ? «ሁላችሁን ይናፍቃል» ብሎ ጻፈ። አላፈረበትም። ደግሞ እዚያው ላይ «ወንድሜ፣ አብሮኝ ሠራተኛ፣ ወታደር» ይለዋል። ናፍቆቱ ከወታደርነቱ አላስቀነሰውም። ጳውሎስ ራሱስ? ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እንባውን እያስታወሰ ሊያየው እንደሚናፍቅ ይነግረዋል። ይህን የጻፈው ስንት አገር የዞረ፣ ስንት ጊዜ የተገረፈ ሐዋርያ ነው። ጀማሪ አልነበረም።

አሁን ወደ ዕርፉ እንምጣ። የገበሬ ልጅ ነኝ ብለሃልና ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። በሬ ጠምዶ ወደ ኋላ የሚያይ ሰው ትልሙ ይጣመማል፤ ማረሻውም ድንጋይ ይመታል። ጌታ በሉቃስ 9 የተናገረው ይህን ነው፤ ልቡ ለሁለት ተከፍሎ የያዘውን ሥራ ስለሚያበላሽ ሰው። እርሻው ላይ ሆኖ ቤቱን ያሰበ ገበሬ ግን ትልሙ አይጣመምም። ያስባል፣ ያርሳል። ኤልሳዕም የተጠራው በሬ ጠምዶ ሲያርስ ነበር። «አባቴንና እናቴን ልሳምና ልከተልህ» አለ። ኤልያስ አልከለከለውም፤ ሂድና ተመለስ አለው። «ከእኔ ይልቅ አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ» የሚለውም ቃል እናትህን አትውደድ አይልም። ከመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለዮሐንስ አደራ የሰጠ ጌታ እንዴት እንዲህ ይላል?

ከእኛው ታሪክም ልጨምርልህ። ፍሬምናጦስንና ወንድሙን ኤድስዮስን ታውቃለህ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጢሮስ በልጅነታቸው መጥተው አክሱም ቤተ መንግሥት አደጉ። ኋላ ሂዱ ተብለው ሲለቀቁ ሁለቱ ሁለት መንገድ ያዙ። ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ፣ ወደ አትናቴዎስ ሄደና ጳጳስ ሆኖ ተመለሰልን። እሱ ነው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው። ኤድስዮስ ግን ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ተቻኮለ። ቤቱ ናፈቀው በቃ! ታዲያ ከሃዲ ሆነ? እዚያው ጢሮስ ቅስና ተቀበለ። የታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ ይህን ሁሉ የጻፈው ከራሱ ከኤድስዮስ አፍ ሰምቶ ነው። ወደ ቤቱ የተመለሰው ወንድም ባይኖር፣ ስለ ሄደው ወንድም የምናውቀው ምን ያህል ይሆን ነበር?

ራቅ ሳንል የአንተኑ መንደር እንይ። ሐይቅ እስጢፋኖስን ስትሳለም ያደግህ ልጅ ነህ። እዚያ ያበሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የሐይቅ ተወላጅ አልነበሩም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ዳሞ ነው የመጡት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው ከእሳቸው ዘንድ ተምረዋል። ዛሬ አገርህ «የእኛ» የሚላቸው አባቶች ለአገርህ እንግዶች ነበሩ። አሁን ተራው የአንተ ነው፤ ሌላ አገር እንግዳ ሆነሃል።

ይህን ካልሁህ አይቀር፣ የደብዳቤህን አንድ ቦታ ደጋግሜ አነበብሁት። «ምእመናኑ የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ ይወዱኛል» ብለህ አለፍኸው። እኔ ግን እዚያ ላይ መቆም እፈልጋለሁ።

እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲወርዱ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ቤተ ክርስቲያናችን ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ በተባሉት በአባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ አማካይነት እዚያ ስታስተምርና ስታጠምቅ ከራስ ተፈሪያን መካከል ብዙዎች መጡ። ቅድመ አያቶቻቸው ተሽጠው በመርከብ የተጋዙ ናቸው። አገራቸውን እንኳ በስም ነጥለው የማያውቁ ናቸው። ኢትዮጵያን ይናፍቃሉ፤ ግን አላዩዋትም። አንተ የምትናፍቀውን ነው የሚናፍቁት! ልዩነቱ አንተ እናት፣ ደጅ፣ የሐይቁ ዳር መንገድ አለህ። እነሱ ስም ብቻ ነው ያላቸው።

ታዲያ ለምን ተደብቀህ ታለቅሳለህ? ከቅዳሴ በኋላ አንዷ አረጋዊት «ላሊበላ ምን ይመስላል?» ብላ ብትጠይቅህ፣ «ከዐለት የተፈለፈለ ነው» ብለህ አትለፋት። ይህንንማ ከሥዕል አይታዋለች። የገናን ሌሊት ንገራት። ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከፍ ካለው ዐለት ላይ ተሰልፈው፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው፣ «ቤዛ ኵሉ» እየተባባሉ ሲዘምሩ ንገራት። ሰው በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ እዚያው ሲያድር ንገራት። ድምፅህ ቢሰበርም ይሰበር። ያን ቀን ስብከትህ ያለ አስተርጓሚ ይገባታል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፤ አገራችንን ሰማያዊት ኢየሩሳሌም አታድርግባቸው። ከእነሱ አንዳንዱ ንጉሡን እንደ አምላክ ያይ ከነበረ ቤት የመጣ ነው። ናፍቆትህ ያንን መልሶ የሚያቀጣጥል እንዳይሆን። ወደ ክርስቶስ ይምራቸው።

ስለ ስልኩ። በቀን ሦስት ጊዜ መደወል በዛ። እናትህን ስለምትወድ አይደለም የበዛው። ሁለታችሁም ቁስሉ ሊደርቅ ሲል እየነካካችሁት ስለሆነ ነው። 8 ሰዓት ትለያያላችሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእናንተ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ብትደውል፣ ሐይቅ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እራት በልታ፣ ሥራዋን ጨርሳ፣ ቁጭ ብላ ታገኛታለህ። በሳምንቱ መሐል አንድ ቀን ጨምር። ቀኑን ታውቀዋለች፤ ትጠብቃለች፤ መጠበቁ ራሱ ደስ ይላታል። ስትደውል ደግሞ «ደህና ነኝ» ብቻ አትበላት፤ አታምንህም። ያበሰልኸውን ንገራት። ሩዝና ቦሎቄ በኮኮናት ለጾም እንደሚሆን ስትሰማ ትስቃለች። ከመዝጋትህ በፊት አስመርቅ። የወሎ እናት ምርቃት እንደሆነ ቶሎ አያልቅም፤ ካርዱን ሞላ አድርገህ ደውል።

ሌላም አለ። ኪንግስተን ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ሐይቅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። አንተ ልትተኛ ስትል እናትህ ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን ወጥታለች። ያን ሰዓት ለጸሎት ያዘው። እሷም ትወቀው። በስልክ የምታለቅሱትን ያህል በዚያች ሰዓት አብራችሁ ብትጸልዩ፣ ከሦስቱ ጥሪ የምትበልጥ ይመስለኛል።

ከአገልግሎትህ ከሚሰጥህ ላይ ትንሽ ብትልክላት ደግሞ ኃጢአት የለበትም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን እንደካደ ይቈጠራል ብሎታል። ማን አጠገቧ እንዳለም እወቅ። ቅሬዋ (ዕድሯ) አለ፣ ማኅበሯ አለ። ወሎ ነውና ጎረቤቷ ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን ቡናው አንድ ነው። ለጎረቤቷም አንዳንዴ ደውልላት፤ የእናትህን እውነተኛ ጤና የምትነግርህ እሷ ናት።

ዘፈኑን በተመለከተ ብዙ አልልም። እዚህ ደሴ ተቀምጬ የአምባሰል ዜማ አንጀት አይበላም ብልህ ማን ያምነኛል? ግን አንተ ዲያቆን ነህ። ደግሞ ሌሊት፣ ብቻህን፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ የናፍቆት ዘፈን አያጽናናም፤ እንቅልፍ ይነሳል እንጂ። ማልቀስ ካማረህ በገና ስማ። እሱም ያስለቅሳል፤ ግን ወደ ጸሎት ይወስድሃል።

ይህን ሁሉ ለንስሐ አባትህ ንገር። ሐይቅ ያሉት ከሆኑ በስልክ አማክራቸው። እዚያ ሌላ አባት መያዝ ካስፈለገህም እሳቸው አውቀውት ይሁን። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካሉህ ግን ሐኪም ዘንድ ሂድ። ጸሎቱም ይቀጥል፣ ሕክምናውም። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ብመለስስ? ላልኸው ማርቆስን አስብ። በሐዋርያት ሥራ 13 ላይ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ወጥቶ፣ ጵርጌን ላይ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። የእናቱ ቤት እዚያ ነበር። ጳውሎስ በጣም ተቀየመው። ለሁለተኛው ጉዞ አልወስደውም አለ፤ ከበርናባስ ጋርም በእሱ ምክንያት ተለያዩ። ይህ ልጅ ማን ሆነ? ወንጌልን ጻፈ። እስክንድርያን ሰበከ። ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳት ይመጡልን የነበረው ከእሱ መንበር ነው። ጳውሎስም በመጨረሻ «ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ማርቆስን ይዘኸው ና» ብሎ ጻፈ። ስለዚህ መመለስ መካድ አይደለም። ግን ይህን ጥቅስ መሮጫ እንዳታደርገው። አፍሮዲጡ የተመለሰው ጳውሎስ ልኮት ነው፤ ደብዳቤ አስይዞ፣ በክብር ተቀበሉት ብሎ። ማርቆስ ግን ዝም ብሎ ሄደ፤ መዘዙም ብዙ ሰው ነካ። አንተ መመለስ ካለብህ እንደ አፍሮዲጡ ተመለስ። የላኩህን አባት አስፈቅደህ፣ ተተኪ ተገኝቶ፣ ምእመናኑን ተሰናብተህ። ውሳኔውን ደግሞ አሁን አታድርገው። የመጀመሪያዎቹ ወራት መጥፎ አማካሪ ናቸው። ቢያንስ አንድ ፋሲካ ከእነሱ ጋር አሳልፍ። ትንሣኤን አብረሃቸው ሳትፈስክ አላወቅሃቸውም።

ስለቱ ቀረ። ስለት የሚያስረው የተሳለውን ሰው ነው። የተሳለችው እሷ ናት እንጂ አንተ አይደለህም። ደግሞ «በሰላም ከመለስሽልኝ» አለች እንጂ «ዘንድሮ» አላለችም። በሁለት ዓመትም ተመለስ በአሥር፣ ስለቷ በቦታው ነው። ስለዚህ በዚህ ነገር አትጣላት፤ «ለምን ተሳልሽ» አትበላት። ለፈቃድ ስትመጣ ስለቷን አብራችሁ ታደርሳላችሁ። ለመስከረም 21 ከደረስህ ግን የግሸን መንገድ በሰው ይጨናነቃል። እናትህም ጉልበቷን ታውቀዋለህና ከዋዜማው ቀደም ብላችሁ ውጡ።