ከደምበጫ ለጠየቅሽን፦ አዳቃይ ልሁን ወይስ ላም ልያዝ?

እኅቴ፣ በእንስሳት እርባታ ደረጃ 4 ጨርሰሻል። ቤተሰብሽ 75 በመቶ የፈረንጅ ደም ያላት ጊደር ሊገዛልሽ አስቧል፤ አንቺ ደግሞ የአዳቃይ ቴክኒሻን፣ ማለትም የኮርማ ዘር በመሣሪያ ለላም የሚሰጥ ባለሙያ፣ ሥልጠና ትወጃለሽ፣ ግን «ለሴት ይከብዳል» አሉሽ።

ሥልጠናውን ያዢ፤ ጊደሯ ትቆይ። «ይከብዳል» ላሉሽም፣ ሥራው ክንድ ወደ ላሟ ማስገባት አለበት፣ የሐበሻ ላም ደግሞ ትንሽ ናት፤ ቀጭን ክንድ ላለው ሰው ነው የሚቀለው።

ስለ ጊደሯ ልንገርሽ። የሐበሻ ላም በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ትሰጣለች፤ ዲቃላዋ 10 ሊትር ልትታለብ ትችላለች፣ ከበላች። የጤፍ ጭድና ድርቆሽ ቢበዛ ራሷን ነው የሚያቆማት። ከዚያ በላይ ለምትሰጠው ለየ2 ሊትር ተኩል ወተት 1 ኪሎ ገደማ የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ ይፈልጋል፤ ለ10 ሊትር በቀን 4 ኪሎ ማለት ነው። የውጭ ደሟ በበዛ ቁጥር መኖው ሲጎድል የምትጎዳው ይብሳል። መጀመሪያ ድራቷ (ኮርማ መፈለጓ) ይጠፋል፣ ከዚያ መዥገሩና የጡት በሽታው ይከተላል። የመኖ ማሳ ለሌለው ቤት 50 በመቶው ይበቃል፤ የዲቃላ ብርታቱም፣ ሁለት ዝርያ ሲዳቀል የሚገኘው ጥንካሬ፣ ሙሉ የሚሆነው በዚያ በመጀመሪያው ትውልድ ነው። ዲቃላን ከዲቃላ ኮርማ ጋር ካጠቃሽ የብርታቱ ግማሽ ይሄዳል። ብዙ ገበሬ «ዝርያው ተበላሸ» የሚለው ይኼን ነው።

ወደ ሙያው እንምጣ። የሚከብደው እጅ ማስለመዱ ነው። ግራ እጅሽ በፊንጢጣ ገብቶ የማህፀኑን አንገት ይይዛል፦ ጠንከር ያለ፣ ውስጡ ቀለበት ቀለበት ያለው ቱቦ ነው። ቀኝ እጅሽ ማዳቀያውን ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ያሳልፋል። የመጨረሻውን እንዳለፈ ቁሚና አባለዘሩን (የኮርማውን ዘር) ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ጀማሪ ወይ አንገቱ ውስጥ ይለቃል፣ ወይ አልፎ ወደ አንዱ የማህፀን ቀንድ ይገባል። ስለዚህ ሥልጠና ከመመዝገብሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ከቄራ በመጣ ማህፀን ልምምድ አለ? በእውነተኛ ላም ላይስ ስንት ጊዜ እለማመዳለሁ? መልሱ ከተድበሰበሰ፣ ሌላ ቦታ ፈልጊ። የብቃት ምዘናው ወረቀት ያስቀጥርሻል፤ ገበሬ በድጋሚ የሚጠራሽ ግን ላሚቱ ከያዘች ነው።

ላም የማትይዝበት ዋናው ምክንያት ደግሞ እጅ ሳይሆን ሰዓት ነው። ሲሰቀሉባት ፀጥ ብላ የምትቆም ላም በትክክል ደርታለች። ጠዋት ከታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከታየች በነጋታው ጠዋት ትዳቀል። የሐበሻ ላም ድራቷ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይመጣል፤ ቅዳሜ ማታ የደራች ላም ቴክኒሻኑ ሰኞ ቢመጣ ምን ዋጋ አለው? ቅዳሜና እሑድ ስልክ የሚያነሳ አዳቃይ በየወረዳው ይፈለጋል። ይህ ነው የግል ሥራ ክፍተትሽ።

አባለዘሩ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል። ናይትሮጅኑን በማስመሪያ እንጨት በየሳምንቱ ለኪ። ስትሮ (ዘሩ ያለበትን ቀጭን ቱቦ) ስታወጪ፣ ስትሮዎቹ የተቀመጡበትን ቋት ከናይትሮጅን ኮንቴይነሩ አንገት በላይ አታውጪ፤ ሌሎቹ ሳይታይ ይሞታሉ። ያወጣሽውን ስትሮ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 30 ሰከንድ ማቅለጥ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፤ ጠብታ ውኃ ዘሩን ይገድላል። ቴርሞሜትር ሳይዙ ውኃውን በጣት የሚለኩ አሉ፤ አንቺ አትልመጂው። በሆርሞን ድራት የማምጣት ዘመቻ ላይ ከተመደብሽ ደግሞ ሳትመረምሪ ፕሮስታግላንዲን አትውጊ፤ እርጉዝ ላም ታስወርዳለች።

ደብተርሽ ከደረት ባጅሽ ይበልጣል። የላሟ ምልክት፣ የደም መጠኗ፣ ድራት የታየበትና የተዳቀለችበት ሰዓት፣ የኮርማው ቁጥር። በ21 ቀን ተመልሳ ደራች? በሦስተኛው ወር ስትመረመር ይዛለች? ከ10 ላሞች አምስት ስድስቱ በመጀመሪያው ከያዙ ጥሩ እጅ አለሽ። የኮርማውን ቁጥር የማይጽፍ ሰው ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጅን ከአባቷ ያዳቅላል። ትንሽ ላምና ጊደር ስታገኚ ጀርሲ ከሚባለው የውጭ ዝርያ ኮርማ የተገኘ ዘር ምረጪ፤ የሌላው የውጭ ዝርያ፣ የፍሪዥያን፣ ጥጃ ትልቅ ስለሆነ ምጥ ያበዛል።

አንድ ነገር ደግሞ ለገበሬው ንገሪው፣ ክፍያ ባትጠይቂበትም። ሚያዝያ የተዳቀለች ላም 280 ቀን አርግዛ ጥር ትወልዳለች፤ ወተቷ የሚበረታው ከወለደች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው፣ ያ ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን ሙሉ ገዢ ይቀንሳል። ነሐሴ ቢያዳቅላት ግን ግንቦት፣ ከፋሲካ በኋላ ትወልድለታለች።

ላሙም አይቀርብሽ። ቤት ያለችውን የሐበሻ ላም ራስሽ አዳቅያት። ሴት ጥጃ ከመጣች እንገሩን በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አጥግቢያት። ወተቷን ለማየት 4 ዓመት ያህል መጠበቅ አለ፤ በዚያ መሐል የምትኖሪው በአዳቃይነቱ ነው። ቤተሰብሽ ለጊደሯ ያሰበውን ገንዘብም ለሞተር ብስክሌትና ለአነስተኛ ኮንቴይነር ቢያውለው እመርጣለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ናይትሮጅኑንና አባለዘሩን በየስንት ቀኑ እንደምታገኚ፣ በግል ለመሥራትም ምን ፈቃድ እንደሚጠየቅ ከወረዳው እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት አረጋግጪ።