«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢሏችሁም፦ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የተገዛ ጉድለት ያለበት ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ የምሠራው ለወጣቶች የኮምፒውተር ሥልጠና በሚሰጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። ከለጋሽ ባገኘነው ገንዘብ 20 ላፕቶፖች ገዛን። ፕሮፎርማው «አዲስ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ» ይላል። ንብረት ክፍላችን ቆጥሮ ተረከበና «በትክክል ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈረመ። በሁለተኛው ሳምንት ስምንቱ እየጠፉ ማስቸገር ጀመሩ። ባለሙያችን ሲያያቸው አምስቱ 8 ጊጋ ራም ብቻ አላቸው። የአንዳንዶቹ ዲስክ ደግሞ ከ6,000 ሰዓት በላይ እንደሠራ ያሳያል። ወዲያው ደወልን፣ በቴሌግራም ፎቶ ላክን። ሻጩ መጀመሪያ «አምጡና እንጠግናለን» አሉ። ቀጥሎ «መብራት ሲመጣና ሲሄድ ያቃጠላችሁት ነው» አሉ። አሁን ደግሞ «15 ቀን አልፏል፣ እናንተም ሸማች አይደላችሁም፣ ደረሰኙም ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል» ብለውናል። አራት ወር ሆነን። ቀሪ ክፍያ በእጃችን አለ። ለጋሹም ሪፖርት እየጠየቀን ነው። ምን መብት አለን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሻጩ ከተናገሩት ሁሉ እውነት ያለበት አንዱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አይጎዳችሁም።

እውነቱ «ሸማች አይደላችሁም» ያሉት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው። ድርጅት የተፈጥሮ ሰው አይደለም፤ በጎ አድራጊ መሆኑም ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ለሸማች ዕቃውን ለማስለወጥ ወይም ገንዘቡን ለማስመለስ የተሰጠው የ15 ቀን መብት መጀመሪያም የእናንተ አልነበረም። ያልነበራችሁ መብት ደግሞ ጊዜው አለፈ ተብሎ አይቀርባችሁም። ብዙ ድርጅቶች እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ ወይም አቤቱታ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ወራት ያጠፋሉ። እናንተ ያንን መንገድ ተዉት።

የእናንተ ሕግ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሽያጭ ውሉ ክፍል «ገዢ» ይላል እንጂ ገዢው ግለሰብ ይሁን ድርጅት አይለይም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት የሕግ ሰውነት አለው። በስሙ ይዋዋላል፣ በስሙ ይከሳል። የሕጉ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ይህ ዋስትና ከዕቃው ጋር ከሚሰጠው የዋራንቲ ካርድ አይመነጭም። ካርድ ባይኖርም አለ።

ጉድለት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ቁጥር 2289 ይነግረናል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጠባይ ከሌለው ጉድለት አለበት። በውሉ ለተነገረው ልዩ ሥራ ካልሆነም፣ በውሉ የተጠቀሰው ዓይነትና ጠባይ ከጎደለውም እንዲሁ። እናንተን በጣም የሚጠቅማችሁ የመጨረሻው ነው። ፕሮፎርማው 16 ጊጋ ይላል፤ ማሽኑ 8 ጊጋ ነው። እዚህ ላይ የባለሙያ ክርክር አያስፈልግም። የመብራት መቆራረጥ ቻርጀር ሊያቃጥል ይችላል፤ ማዘርቦርድም ይጎዳል። ራም ግን ለሁለት አይከፍልም። ዲስክ ላይም 6,000 ሰዓት አይጨምርም። 6,000 ሰዓት በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ቢሮ የ750 የሥራ ቀን አገልግሎት ነው። እናንተ ጋ ሁለት ሳምንት ለቆየ ላፕቶፕ ይህን የሚያስረዳ ሰው ካለ ችሎት ላይ ብሰማው ደስ ይለኛል።

ይህን ማስረጃ ግን በደንብ መያዝ ያስፈልጋል። የራሳችሁ ባለሙያ ያነበበው ብቻውን አይበቃም፤ «የእናንተው ሠራተኛ ነው» ይባላል። ምርመራ የምታደርጉበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ሻጩን ጥሩ። ከድርጅታችሁ ጋር የማይገናኝ የኮምፒውተር ባለሙያም ጋብዙ። እያንዳንዱን ላፕቶፕ ገልብጣችሁ የሲሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንሱ። ከዚያ አብሩትና የራሙን መጠን፣ ዲስኩ የሠራበትን ሰዓት፣ ባትሪው ስንት ዙር እንደተሞላ የሚያሳየውን ስክሪን አንሱ። ከተቻለ ሲሪያሉና ስክሪኑ ሳይቆራረጥ በአንድ ቪዲዮ ይታዩ፤ አለበለዚያ «ይህ የሌላ ማሽን ስክሪን ነው» የሚል ክርክር ይመጣል። ብሎን አትፍቱ። በቃለ ጉባኤ ላይ የተገኙት ሁሉ ይፈርሙ። ሻጩ ካልመጡ «ተጠርተው አልተገኙም» ብላችሁ መዝግቡ፤ ይህችም ዋጋ አላት። ጉዳዩ ክስ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ራሱ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረምር ሊያዝ ይችላልና ማሽኖቹን እንዳሉ አቆዩአቸው።

«በትክክል ተረክቤያለሁ» የሚለው ፊርማ አሳስቧችሁ ይሆናል። ንብረት ክፍል ሃያ ካርቶን ቆጥሮ «ሃያ ደርሶኛል» አለ፤ ካርቶን መቁጠር ዲስክ መመርመር አይደለም። ሕጉ ከገዢ የሚፈልገው ዕድሉን እንዳገኘ ዕቃውን እንዲያይ ነው (ቁጥር 2291)። ጉድለቱን ሲያውቅ ደግሞ ሳይዘገይ ለሻጭ እንዲያስታውቅ ነው (ቁጥር 2292)። በተለመደ ምርመራ የማይታይ ጉድለት ሲገኝ ሰዓቱ የሚቆጥረው ከተገኘበት ነው። እውነቱን ለመናገር የራሙ ጉዳይ ማሽኑን አብርቶ ለሚያይ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይታይ ነበር። ሻጩ ይህችን ሊይዟት ይችላሉ። ነገር ግን በሁለተኛው ሳምንት ማስታወቃችሁ ለሃያ ኮምፒውተር ዘገየ የሚባል አይመስለኝም።

ለዚህ ነው ያ የመጀመሪያ ስልክና የቴሌግራም መልእክት የጉዳዩ ሁሉ እምብርት የሆነው። ስልክ መደወላችሁን ሻጩ ሊክዱ ይችላሉ። ቴሌግራሙ ግን ቀንና ሰዓት አለው፣ ፎቶም አለበት፣ «አምጡና እንጠግናለን» የሚል መልስም አለው። ሻጩ ራሳቸው ጉድለቱን አይተው መልስ የሰጡበት ጽሑፍ ነው። አሁኑኑ ስክሪኑን ቅዱት። ስልኩ የለቀቀ ሠራተኛ ስልክ ከሆነማ ዛሬውኑ።

አሁን ወደ አስፈሪው ልምጣ። ቁጥር 2298 ገዢው ጉድለቱን ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱን ያጣል ይላል። በሻጩ ተንኮል መክሰስ ካልቻለ በቀር ማለት ነው። አንድ ዓመቱ የሚቆጠረው ከማስታወቂያው እንጂ ሻጩ «አልቀይርም» ካሉበት ቀን አይደለም። ለጥንቃቄ ከመጀመሪያው ስልክ ቁጠሩት። አራት ወር ከሄደ የቀራችሁ ስምንት ወር ገደማ ብቻ ነው። «ቴክኒሻኑ መስክ ወጥቷል»፣ «ዕቃው ጉምሩክ ነው»፣ «ከበዓል በኋላ» የሚባለው ሁሉ ይህን ሰዓት አያቆመውም። ጥገና መቀበል ትችላላችሁ፤ ግን የጥገናውን ቀን ቆርጣችሁ፣ መቀበላችሁ ሌላ መብታችሁን እንደማያስቀር ጽፋችሁ ይሁን። ላፕቶፑን ስታስረክቡም ሲሪያል ቁጥሩ የሰፈረበት የርክክብ ወረቀት ሳታስፈርሙ ከእጃችሁ አይውጣ።

ደረሰኙ ላይ ያለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ብዙ አያስጨንቅም። ቁጥር 1686 አንዱ ወገን በንግዱ የሚጠቀምበት አጠቃላይ ቃል ሌላውን የሚያስረው ሌላው አውቆ ከተቀበለው ነው ይላል። ውሉ አልቆ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ በተሰጣችሁ ደረሰኝ ጥግ ላይ የተመታ ማኅተም «አውቃችሁ ተቀበላችሁ» ለማለት ይከብዳል። በፈረማችሁት ውል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይለያል፤ ያኔም ጉድለቱን አውቆ ለደበቀ ሻጭ ከለላ አይሆነውም።

«ታዲያ ያገለገለ ዕቃ አዲስ ብሎ መሸጥ ማታለል አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ሊሆን ይችላል። በተንኮል የተገኘ ስምምነት ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል (ቁጥር 1704)፤ የጊዜው ገደብም ሁለት ዓመት ነው (ቁጥር 1810)። ግን ሻጩ ማወቃቸውን ማስረዳት የእናንተ ሸክም ይሆናል። እሳቸውም ከአስመጪው ተታለው ሊሆን ይችላል። እኔ ብሆን ዋናውን ክስ በጉድለት ላይ እመሠርታለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ የሻጩን ልብ ማንበብ አያስፈልገኝም። ተንኮሉን በአማራጭ አቀርበዋለሁ። ፖሊስ ጣቢያ መሮጥን ግን አሁን አልመክርም። የወንጀል ምርመራ ገንዘባችሁን አይመልስም፤ ለድርድር የተከፈተውን በርም ሊዘጋ ይችላል።

ምን ትጠይቁ? አዲስ ላፕቶፕ በፍርድ ኃይል ይተካልን ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ ሲሆን ሕጉ ገዢውን ሌላ ቦታ ገዝቶ ገንዘቡን ይጠይቅ ወደሚል ያደላል። ስለዚህ ጠንካራው ጥያቄ በስምንቱ ልክ ውሉ እንዲሰረዝ፣ ዋጋቸው እንዲመለስና ካሳ እንዲከፈል ነው። አሥራ ሁለቱ እየሠሩ ስለሆነ ሙሉውን ግዢ አፍርሱልኝ ማለት አያዋጣም። ካሳ ስትሉ ደግሞ የወጣ ወጪ ይሁን፦ ለምትክ ኮምፒውተር የተከፈለ ኪራይ፣ የምርመራ ክፍያ፣ የመጓጓዣ። ትርፍ የማያገኝ ድርጅት ትርፍ ቀረብኝ ሊል አይችልም። «ሥልጠናው ተቋረጠ» ካላችሁም ጉዳቱን ለመቀነስ ምን እንዳደረጋችሁ ትጠየቃላችሁ (ቁጥር 1802)። ሦስት ወር እጅ አጣጥፎ ለተቀመጠ ፍርድ ቤት አያዝንም።

ቀሪውን ክፍያ መያዝ ትችላላችሁ። ውሉን በአግባቡ ያልፈጸመ ወገን ሌላውን ፈጽምልኝ ለማለት አቅም የለውም። ነገር ግን ዝም ብላችሁ አትያዙ። ምክንያቱን ጻፉ፤ የያዛችሁትም ከስምንቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ። አለበለዚያ ከሳሽ ልትሆኑ ሄዳችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ።

ቀጣዩ እርምጃ ከቁጥር 1772 ጀምሮ የተደነገገው ማስጠንቀቂያ ነው። በድርጅቱ ደብዳቤ፣ በቁጥርና በማኅተም፣ በዳይሬክተሩ ፊርማ ይውጣ። መጀመሪያ ያስታወቃችሁበትን ቀን፣ ስምንቱን ሲሪያል ቁጥር፣ የእያንዳንዱን ጉድለት፣ የምትጠይቁትን፣ የሰጣችሁትን ምክንያታዊ ቀነ ገደብ ይዘርዝር። ከዚያ በኋላ ምትክ እንደማትቀበሉም ይናገር። ግልባጩ ላይ የተቀባይ ፊርማ አስደርጉ። አልቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ላኩት።

ለጋሹን በተመለከተ መጀመሪያ ደረሰኙ በማን ስም እንደሆነ እዩ። በድርጅታችሁ ስም ከሆነ ከሳሹ እናንተ ናችሁ፤ ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለው ሻጩን አያገባቸውም። ለጋሹ በራሱ ስም ገዝቶ የሰጣችሁ ከሆነ ግን ውሉ በእሱና በሻጩ መካከል ነው (ቁጥር 1952)። ያኔ መብቱን በጽሑፍ ያስተላልፍላችሁ፤ ለዚህ የሻጩ ፈቃድ አያስፈልግም (ቁጥር 1962)። ለሪፖርቱ ደግሞ የደብዳቤውን ግልባጭና ቃለ ጉባኤውን አያይዙ። ለጋሽን የሚያስቆጣው የተበላሸ ኮምፒውተር ሳይሆን ኦዲት ላይ ድንገት የሚገኝ የተበላሸ ኮምፒውተር ነው።

ላፕቶፖቹ ላይ የሠልጣኞች መረጃ ካለ ሳትገለብጡና ሳታጠፉ ለሻጩ አትመልሱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ኃላፊነቱን እናንተው ላይ ይጥላል። መጀመሪያ ግን የዲስኩን ሰዓት የሚያሳየው ማስረጃ መመዝገቡን አረጋግጡ።

ሻጩ ደብዳቤው ሲደርሳቸው «እንስማማ» ማለታቸው አይቀርም። ቅር አይበላችሁ፣ ተቀመጡ። በገንዘብ ፋንታ ራም ጨምረው ዋጋ ቢቀንሱላችሁ ለሥልጠናው ይበቃ ይሆናል፤ ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ሲሪያል ቁጥር ይጥቀስ፣ ቀን ይኑረው፣ ካልተፈጸመ ምን እንደሚሆንም ይናገር። ክስ ከተከፈተ በኋላ የምትስማሙ ከሆነ ደግሞ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 የተዘረጋው የአስማሚ አገልግሎት አለ። እዚያ የተደረሰበት ስምምነት በችሎቱ ሲጸድቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማልና፣ ሻጩ ዳግም ዛሬ ነገ ቢሉ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም ትሄዳላችሁ።