ሊሊት ተሸንፋ ነው የቀረችው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። የአሜሪካዊቷን ደራሲ የኦክታቪያ በትለርን ልብ ወለድ «ዳውን» ጨርሰሽ «ሊሊት መጨረሻ ላይ እጇን ሰጠች አይደል?» ብለሻል። ተናደሽ እንደጻፍሽው ያስታውቃል። እኔም መጀመሪያ የጨረስኩት ቀን መጽሐፉን ወርውሬዋለሁ።

ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ ምድር በኒውክሌር ጦርነት ነደደች። ኦዋንካሊ የሚባሉ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን የተረፉትን ሰዎች ሰብስበው መርከባቸው ላይ አኖሯቸው። ያዳኑትም ያሰሩትም እነሱው ናቸው። ከተረፉት አንዷ ሊሊት ሌሎቹን ከእንቅልፋቸው እየቀሰቀሰች ለምድር ኑሮ እንድታዘጋጅ ተመደበች። መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ወደ ምድር ሲላኩ እሷ ትቀራለች። በዚያ ላይ ከፍጡራኑ አንዱ የሆነው ኒካንጅ ከሞተው ፍቅረኛዋ ከጆሴፍ ዘር አስረግዟታል። (ኒካንጅ ወንድም ሴትም አይደለም፤ አማርኛችን መውጫ ስላጣልኝ ነው «እሱ» የምለው።) ሳይጠይቃት ነው። መልሱም በግርድፉ «ትፈልጊያለሽ፤ አፍ አውጥተሽ ግን አትዪውም» የሚል ነው።

እዚህ ላይ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ቢቸና አካባቢ ነው ያደገችው። ገና በልጅነቷ ዳሯት። ማንም አልጠየቃትም። ሁለት ጊዜ አምልጣ አባቷ ቤት ገባች፤ ሁለቴም በበቅሎ ጭነው መለሷት። ሦስተኛ አልሞከረችም፤ አርግዛ ነበር። ሰፈርተኛው «ለመደች» አለ። እውነቱን ለመናገር ለምዳለችም። ባሏ ሲሞት ፊቷን እየነጨች ነው ያለቀሰችው።

ስለዚህ «ኒካንጅን ትወደው የለም እንዴ፣ ታዲያ ምን ችግር አለው?» ብሎ ከጥያቄሽ ሥር የጻፈው ወንድማችን ግማሹን ነው ያየው። መውደዷም እውነት ነው፣ አለመጠየቋም እውነት ነው። በትለር አንዱን በሌላው አልሰረዘችም። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

እኔ ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ሽማግሌ ሲላክብኝ ከአባቴ ጋር የተሟገተችው ይህችው አክስቴ ናት። ቅቤ ሸጣ ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራየችልኝ። በየሳምንቱ ድርቆሽና በሶ ትልክልኝ ነበር። ስትሸኘኝ «ተማሪ» አለችኝ። ሌላ ምክር አልነበራትም።

አሁን የመጨረሻውን ገጽ መልሰሽ አንብቢው። ሊሊት የምታስበው ራሷ ስለማምለጥ አይደለም። ቀጥለው የሚመጡትን ልታስተምር ነው፤ ይማሩና ይሽሹ። በእኛ ቋንቋ ለሴት ልጅ ሲነገር «ተማሪ» ትእዛዝም ነው፣ ስምም ነው። የቅኔ አገር ልጅ ሆኜ ይህን ሰምና ወርቅ እንዴት ልለፈው? እንግሊዝኛው እንኳ ይህ የለውም።

መጽሐፉ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። ሰዎቹን እየቀሰቀሰች የምትሰበስብበት መሃለኛው ክፍል ይንዛዛል፤ እኔ ሁለቴ አቋርጬዋለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ታሪኩን ለአክስቴ ነገርኳት። ስለ ጦርነቱም ስለ ፍጡራኑም ምንም አላለች። «የጸነሰችው ወንድ ነው ሴት?» ብቻ አለችኝ። ሴት ናት አልኳት። ጀበናውን እያስቀመጠች «እንግዲያው ገና ነው» አለች።